ሳጥኑን ብጠይቅ ዕቃውን፣ ዕቃውን ብጠይቅ ሳጥኑን

ለምወድህ ወንድም ጋሼ አስረስ፤

እንደምን ከርመሃል? ሶፊስ ደህና ናት? ኢያቄምን ጉንፋኑ ለቀቀው? የአሶሳ ሙቀትስ እንዴት አደረጋችሁ? እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከሚያማት በቀር ደህና ናት። እኔም ጤናዬ ደህና ነው፤ የጨነቀኝ ሌላ ነው።

ለቡ ያለው ቢሯችን አንድ የተበላሸ የመጋዘን ፕሮግራም እንዳስተካክል ሰጥቶኝ ከእሱ ጋር ስታገል ሰነበትኩ። የተጻፈው ስሞልቶክ በሚባል የቆየ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ጥሩነቱ እያንዳንዱን ነገር በየራሱ መስኮት ከፍቶ ውስጡን ያሳያል። ችግሩ ፕሮግራሙ ውስጥ የተመዘገበውን ሳጥን «ምን ይዘሃል?» ስለው ዕቃውን ይጠይቃል፤ ዕቃው ደግሞ የት እንዳለ ለመናገር ተመልሶ ሳጥኑን ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ እስኪደርቅ ይዞራሉ። እኔም መስኮት በመስኮት ላይ እየከፈትኩ ብወርድ ብወርድ፣ መጨረሻ የደረስኩት መጀመሪያ የከፈትኩት ሳጥን ላይ ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። የእኛን ቤት አየሁበት።

የደምሰው ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲመጡ እማዬ «አባቷ ካለፈ ወዲህ ወንድሟ ያለው ነው» አለቻቸው። አንተ «እትዬ ፀሐይወርቅ ይወስኑ» አልክ። ደብረ ብርሃን ተደወለ፤ አክስታችንም «እናቷ እያለች እኔ ምን አግብቶኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ እማዬም ተመልሳ አንተን ጠራች። ማንም እምቢ አላለም። እምቢ ብትሉኝ እንኳ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ይሄ ግን በሩ ሳይቆለፍ መታሰር ነው። ደምሰውን እፈልገዋለሁ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ኮርሳ «በመካኒሳ ታክሲ ሰልፍ አረጀን» ብለዋል። በወሩ መጨረሻ እሑድ መጥተው መልስ ካጡ ደጃችንን ሁለተኛ አይረግጡም።

ፕሮግራሙ ተስተካክሏል። ዕቃው ሲጠየቅ ወደ ሳጥኑ ሳይመለስ የራሱን ስም ብቻ ተናግሮ እንዲያቆም አደረግኩት፤ ሌላው ሁሉ ተፈታ። ወንድም ጋሼ፣ አንተም እንደዚያ አድርግልኝ። እሺም ይሁን እምቢ፣ ያንተን ብቻ ጻፍልኝ። በስልክ ብጠይቅህ «ቆይ እስቲ ላማክር» እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው በወረቀት ጽፌ ወደ አሶሳ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለብሩኬ የሰጠሁት።

ሶፊን ሰላም በልልኝ፤ ኢያቄምን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ በጣም ናፍቀሃታል። ስለ እኔ ነገር ምን ብላለች ልበለው ብላት፣ «እሱ ያለውን ብላለች በይው» አለችኝ። እባክህ፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ለእትዬ ፀሐይወርቅ እንዳትደውል።

እህትህ ጸደንያ
መካኒሳ አቦ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.