የምሥላቸው ሴቶች ዘር አይቆጠርባቸውም

ቅዳሜ
እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ነገ የሀብታሙ ሽማግሌዎች ደብረ ወርቅ፣ አባዬ ቤት ይገባሉ። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ኪራይ ቤቴ ተቀምጬ እሥላለሁ። ያው የለመድኩትን፦ ረጅም ካፖርት የለበሰች፣ ወገቧ ጭብጥ የማይሞላ፣ ወንዱ ዣንጥላ ይዞላት። ቴሌግራም ላይ ገና ከመልቀቄ «እንዲህ ያለ ፍቅር የት ነው የሚገኘው?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! ቤት ስገባ «እንዴት ዋልሽ?» የሚለኝ የለም።

ከሀብታሙ ጋርም የተዋወቅነው በዚሁ ነው። ደምበጫ ያስተምራል። «ሴቶችሽ ጭቃ ረግጠው አያውቁም?» ብሎ ጻፈልኝ። ተናደድኩ፤ ቆይቼ ሳቅኩ። ይኸው እዚህ ደረስን።

እሑድ
ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። ሽንኩርት ከትፌ ሳልሠራው ተውኩት። ከሰዓት አባዬ ደወለ፤ ደስ እንዳለው ድምፁ ያስታውቃል። ተመስገን፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ዘር ቆጠርን» አለኝ። «አንቺም እሱም የወርቁ ዘር! አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኛችሁ። ይህ ዘመድ እኮ ጠፍቶብን ነበር!»

ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም፤ ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ከአባዬ ኋላ ሳቅ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ እኔን ሊጠይቁ ሄደው፣ ከአባቴ ጋር ተዛምደው ጠላ እየጠጡ ነው።

«እኔስ፣ አባዬ?» አልኩት። «እግዜር የሚሻለውን ያመጣል» ብሎ ዘጋው።

ከሀብታሙ ጋር ስለ ጫማ፣ ስለ ፊልም ስናወራ ከርመን አያትህ ማን ይባላሉ ብዬው አላውቅም። የጎጃም ልጅ እንዲህ ትሞኛለች?

ሰኞ
ሀብታሙ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ልሥል ተቀመጥኩ። ሴቲቱ መጣችልኝ፤ ለወንዱ ግን ፊት ስሥልለት ሀብታሙ ይሆንብኛል። አጠፋሁትና ብቻዋን ለቀቅኳት። «ወንዱስ? የት ሄደ?» እያሉ ጨቀጨቁኝ። ዘር ተቆጥሮበት ልበላቸው? የእኔ ሴቶች አባት የላቸው፣ አያት የላቸው፤ እንዲያው ካፖርት ለብሰው ይዋደዳሉ። በገዛ እጄ ሥራ ቀናሁ። አለቀስኩም።

ማክሰኞ
በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሀብታሙ እናት ናቸው። ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ ምራቴ ስልሽ ሥጋዬ ሆነሽ ተገኘሽ። አይክፋሽ። አትጥፊብን፣ ለጥምቀት እኛ ጋ ነይ።»

«እሺ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

«በይ፣ ወንድምሽ መነኸሪያ ወጥቶ ይቀበልሻል» አሉኝ።

ማንን እንዳሉ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሀብታሙን ነው።

እሺ ብያለሁ። መሄዴን እንጃ።