ለማኝ መስሎን የመለስነው

ይድረስ ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ትከሻሽ ተሻለው ወይስ እንደ እኔ ምላስ ዕረፍት አያውቅም? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምግብስ በሰዓቱ ትበያለሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ልልሽ ነበር፣ ግን ዘንድሮ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው በስልክ ላስረዳሽ ስጀምር አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ካርዱም አለቀ። ስለዚህ አሁን ቁጭ በይና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ደስ ከሚለው ልጀምር። ትልቋ ልጄ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥራ አገኘች። ነጭ ጋዎኗን ለብሳ ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ ብታያት፣ ሆስፒታሉን የሠራችው እሷ ነው የምትመስልሽ። ባለቤቴም ያቺን አሮጌ ታክሲውን እንደያዘ ነው፤ እኔን «አንቺ» ይለኛል፣ ታክሲዋን «እናቴ» ይላታል። ይኸው ነው ትዳሬ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። «ፊቴን ማየት አስጠላችሁ ወይ?» ብለሽኝ ነበር። እህት ዓለም፣ ማን ፊትሽን ይጠላል? እምቢ ያለው ኮምፒውተሩ ነው። እማዬ እሑድ እሑድ ጠጉሯን ተበጥራ፣ ኮምፒውተሩን ያለበሰችውን ዳንቴል ከላዩ ላይ ገፍፋ እንደምትጠብቅሽ ታውቂያለሽ። ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ምስል የማያሳየው የቤታችን ስልክ ለእሷ እንጨት ነው፤ ያንቺን ከንፈር ግን ከስክሪኑ ላይ እንደ ጽሑፍ ታነበዋለች። አንድ እሑድ ታዲያ ያ ፊት የምንተያይበት ፕሮግራም አልከፈትም አለ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ።

«ሽቦ» የምንለውን ቀጭኑን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጎረቤታችንን ጠራሁት። ከፋፍቶ አየና፣ ይህ ማሽን አፕዴት ከተደረገ ስንት ዘመኑ ነው አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አንድም ቀን አልነካነውም አልኩት። እውነቴን ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽልን ስትሄጂ፣ እንዳይበላሽብን ብለሽ፣ ምንም ነገር ከጠየቀን «በኋላ» የሚለውን ብቻ እንድንነካ ነግረሽን አልነበር? እማዬ ቃልሽን እንደ ኑዛዜ ነው የያዘችው። ያ የአፕዴት ማስታወቂያ ብቅ ባለ ቁጥር ራሷን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ይስጥህ» ትልና «በኋላ»ን ትጫነዋለች። ደጅ ቆሞ የሚለምን ነዳይ ነው የመሰላት። እኛም እየሳቅን ዝም አልናት። ለካ ሲያንኳኳ የኖረው ሊለምን ሳይሆን ሊሰጥ ነበር።

ሽቦ እንዳስረዳኝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒውተሩን ከውስጥ የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆሙት። የሰው ሥራ ነውና ስንጥቅ አያጣም፤ ስንጥቁ ደግሞ የሚታወቀው ሲውል ሲያድር ነው። ሠሪዎቹ ስንጥቅ ባገኙ ቁጥር መድፈኛ ይልካሉ። አፕዴት ማለት ይኸው ነው። ሌባውም መድፈኛው መላኩን ሲሰማ «ያልደፈነ ማን አለ?» እያለ በየበሩ ይዞራል፤ ቸል ላለ ሰው ስንጥቁ የት እንዳለ በአደባባይ እንደተለፈፈበት ቁጠሪው። በዚያ ላይ ፊት የሚያሳየን ፕሮግራም በየጊዜው ይታደሳል፤ አዲሱን አነጋገሩን የእኛ አሮጌ ሲስተም አያውቀውም። «እሱ ይናገራል፣ የእናንተ አይሰማም» አለኝ። እንግዲያማ ከእማዬ ጋር አንድ ክፍል ሲኖር ደነቆረ በለኛ ብዬው ተሳሳቅን። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

ሽቦ አፕዴቱን ሊጀምር እጁን ሲዘረጋ እማዬ ማውሱን ያዘችበት። በዝርዝሩ ላይ ያለችውን ያንቺን ትንሽ ፎቶ የሚያጠፋባት መሰላት። ምንም እንደማይጠፋ፣ አስቀድሞም ሁሉንም ገልብጦ እንደሚያስቀምጥላት በምልክትም በጽሑፍም ነገራት። እሷ ግን ማውሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ አትንኩት ብላኛለች፤ ስትመጣ ራሷ ትንካው» አለች። ሽቦም ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ተደብቀን እናድርገው እንዳልል፣ ከአፕዴቱ በኋላ የአዝራሩ ቦታ ሁሉ እንደሚለዋወጥ ሽቦ ነግሮኛል። ካወቀችብኝ እኔን ማመን ታቆማለች፤ ፊትሽ እንኳ ቢመጣ በሌላ ሰው የተሠራ ሥዕል ነው ትለኛለች።

እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ከብዶኛል። ብርጭቆ አጠገቧ ሳስቀምጥላት በእጇ እየመታች ትደፋው ጀመር። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዓይኗ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ እይታዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፣ የሄደው አይመለስም አለኝ። ጠብታ ሰጥቶናል፤ የቀረው እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ጆሮ የሆናት ዓይኗ ነበር፤ ዓይኗ ከሄደ በምን ታገኝሻለች?

እሷ ደግሞ አፕዴት የሚባለውን ነገር አታምንም። ለመጨረሻ ጊዜ ስትተያዩ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላሽ ዝም ያልሻትን ይዛ፣ በጥያቄዬ ተቀይማ ነው የጠፋችው ትላለች። አንቺ እዚያ ጠሉኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ እሷ እዚህ አስቀየምኳት ብላ ታለቅሳለች፤ እኔ መሃል ላይ ቆሜ አፌ ተያዘ። እኔ፣ አፌ ተያዘ! ለማንም ብትነግሪው አያምንሽም።

ጥፋቱን ባንቺ ላይ ማላከኬ አይደለም፤ አስበሽልን ነው ያልሽው። ግን ያሰርሽውን የምትፈቺው አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አዋላጇ ጎረቤታችን ወሩ ሳያልቅ ትመለሳለች። በሌላ ወረቀት ላይ፣ በራስሽ እጅ፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርገሽ «እማዬ፣ እሺ በዪው» ብለሽ ጻፊላት። ልጅ ሳለሽ የምትቆጣሽበትን ያንን እግሩን የሚጎትት «ሺ»ሽን እንዳታሳምሪው፤ ያንቺ መሆኑን የምታውቀው በእሱ ነው።

ባለቤቴ ሰላም ይልሻል፤ ታክሲዋም ትልሻለች ብሏል። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት ለትከሻሽ ቅባት ልካልሻለች። ትንሹ ልጄ ቁመቱ እኔን እንዳለፈኝ ንገሪልኝ ይላል፤ ነግሬሻለሁ። ሽቦም ቦርሳው በር ላይ መሆኑን አስታውቂልኝ ብሏል።

እማዬን ምን ልጻፍላት ብዬ ወረቀቱን አሳየኋት። «መቼ ትመጫለሽ ብዬ ዳግመኛ አልጠይቅም በያት» አለችኝ። «ፊቷን ብቻ ታሳየኝ።»

ታላቅ እህትሽ

ከእማዬ ክፍል፣ ዳንቴል ከለበሰው ኮምፒውተር አጠገብ
ኅዳር ፫ ቀን