አዳራሹን ላቀዘቀዙልን ሰብሳቢ

ለክቡር ሃርላን ቲስዴል፣ የግዛታችን ምክር ቤት የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ ልክ እንዲሆን፣ ቢታመሙም ቶሎ የሚለካልዎት ሰው እንዲያገኙ ከልብ እመኛለሁ። ልጄ ላትሪስ በወለደች በአራተኛው ቀን ራሷን ክፉኛ አሟት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ብትሄድ ግፊቷን የለካላት አልነበረም፤ ነርሷ እንዳንቺ ያለች ጠንካራ ሴት ይህን ትችለዋለች ብላ ወደ ቤት መለሰቻት። በማግስቱ ሞተች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ወልዳ የምትሞት እናት ሁሉ ለምን እንደ ሞተች እንዲጣራ፣ በተለይም ጥቁር እናቶች ለምን እንደሚበዙ በግልጽ እንዲጻፍ የሚያዝዘው ረቂቅ ሕግ ለድምፅ እንዲቀርብ። ረቂቁ ከጠረጴዛዎ ሳይነሣ ሦስት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በኮሚቴዎ ፊት እንድናገር ስለ ሰጡኝ ሁለት ደቂቃዎች አመሰግናለሁ። ሦስት ሰዓት መኪና ነድቼ መጥቼ የልጄን ስም እንደ ተናገርሁ ጊዜሽ አልቋል የሚለው ቀይ መብራት በራብኝ። ከእኔ በፊት ስለ መዋኛ ገንዳ ውሃ የተናገሩት ጌታ ሩብ ሰዓት ሲወስዱ መብራቱ ተበላሽቶ ነበር መሰለኝ።

፪. ሞት ቀለም አይለይም ብለው ስለ መከሩኝ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ሞት አይለይም፤ የሚለየው ግፊት የሚለካው ሰው ነው።

፫. ስለ ብርዱ። የተቃውሞ ጽሑፍ ይዞ ወደ አዳራሹ መግባት ክልክል ነው ስንባል ታዘዝን። በቤተ ክርስቲያናችን ለቀብር የሚታደለውን፣ የላትሪስ ፎቶ ያለበትን የካርቶን ማራገቢያ ይዘን አርባ ሴቶች ገባንና ዝም ብለን አራገብን። እርስዎ ግን ብልህ ነዎትና በተከታዩ ሳምንት ማንም እንዳይሞቀው አዳራሹን አቀዘቀዙት። ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው እኅት ቨርሊ ካፖርታቸውን እንደ ተጠቀለሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ኧርሊን፣ ሰውየው እንደ ሬሳ እንዳንሸት ነው እንዴ በረዶ ቤት ያስገባን?» አሉኝ። ልጄን ከቀበርሁ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅሁት፤ ለዚህስ ምስጋናዬ የምር ነው። ጓንት አድርገን ማራገባችንን ቀጠልን።

፬. ረቂቁን ለተጨማሪ ጥናት ስለ መሩት አመሰግናለሁ። ማን እንደሚያጠናው ብጠይቅ፣ ጸሐፊዎ በትሕትና እስካሁን የተመደበ የለም አሉኝ። ይህ ማንም የማያጠናው ጥናት ሳያልቅ በእኛ አውራጃ ሌሎች ሁለት ወላዶች ተቀብረዋል።

እኔ እንደሆነ መቀመጥ አልቻልሁም። ያጠብሁትን ሰሃን ደግሜ አጥባለሁ፤ የልጅ ልጄን አዝዬ ከበር ወደ በር እየዞርሁ ለምርጫ ያልተመዘገበውን አስመዘግባለሁ። ከቆምሁ የምወድቅ ይመስለኛል።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ቸርነትዎ ያልደረሳቸውን ሁሉ ወክዬ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የወረዳዎ መራጭ፣ የላትሪስ እናት፣
ኧርሊን ማክሌሞር

ሳልረሳው፦ ባለፉት አራት ምርጫዎች ማንም እንዳልተወዳደረዎት ሰማሁ። ብቻዎን መሮጡ እንዳይሰለችዎ ብዬ፣ ትናንት የእጩዎች ምዝገባ ሊዘጋ ሲል የእጩነት ቅጹን ሞልቼ አስገባሁ። እኔ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ ቅጹ ግን አንድ ገጽ ብቻ ነበር።