ከአጥሩ ማዶ የወደቀችው አትክልተኛ

ውድ ፈትለወርቅ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ታመመች ብለሽ ደስ እንዳይልሽ ነው ቀድሜ የምነግርሽ። ይህን የምጽፍልሽ ጄኔቭ፣ ካሩዥ፣ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ስልክ ብደውል ወይ እጮህብሻለሁ ወይ አለቅሳለሁ፤ ሁለቱንም አልፈልግም። ሆሳዕና ደረሰ። ስዊስ ከገባን ጀምሮ ተለያይተን ፈስከን አናውቅም፤ ዘንድሮ ግን ለየብቻችን ልንፈስክ ነው። እሱ ነው ያስጻፈኝ።

ለጥምቀት ረገንስዶርፍ ቤትሽ ስመጣ የያዝኩልሽ አበባ በባቡሩ ሙቀት ጠውልጎ ደረሰ። አንቺ ደግሞ ብድግ አድርገሽ ለእንግዶችሽ ሁሉ አሳየሽና «መስታወት እኮ እንኳን ልጅ አበባም በእጇ አያድግ!» አልሽ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ልጅ እንዴት እንደተመኘሁ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስመለስ እስከ በርን ከተማ አለቀስኩ፤ ከበርን ወዲህ ተናደድኩ። ጄኔቭ ስደርስ ስምሽን ከስልኬ ላጠፋ ነበር፣ እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅበትም እንጂ። ደወልሽ፣ አላነሳሁም። ኋላ አንቺም ኮራሽ።

ታዲያ በጾሙ መግቢያ ልጅሽ ዮሐና ልትጠይቀኝ መጣች። ለሥራ ወደዚህ ከመጣች ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳዋ እኔ ጋ ነው። አኩርፌ ስታየኝ ስልኬን ተቀበለችኝና አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ጫነችልኝ፣ የጓሮ አትክልት ጨዋታ። «ታንት፣ እዚህ ዘር ያደርጋሉ፣ እዚህ ውሃ ያደርጋሉ፣ ፈርቲግ!» አለች፤ «አክስቴ፣ በቃ አለቀ» ማለቷ ነው። አማርኛውን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፣ እኔ የለሁበትም።

አበባ አያድግላትም ላለችኝ ሴት አሳያታለሁ ብዬ ጀመርኩ። ስም ሲጠይቀኝ፣ ሰው እንዳያውቀኝ ብዬ የክርስትና ስሜን፣ ወለተ ሐናን፣ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ትንሽዬ ሴትዮ ብቅ አለች፤ እኔ መሆኔ ነው አሉ። ቢጫ ቀስት እዚህ ቆፍሪ፣ እዚያ ዝሪ እያለ ያዝዘኛል። የመጀመሪያውን ቲማቲም በውሃ ብዛት ገደልኩት። ጤፍ በቀለልኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ የተንከባከብኩት ደግሞ አረም ሆኖ ተገኘ።

ጉዱ የመጣው ግን በምግቡ ነው። ሴትዮዋ ካልበላች ጉልበት የላትም፤ ጨዋታው ደግሞ በየጠዋቱ እንቁላልና አይብ ያቀርብላታል። በሁዳዴ! ሌላ ስም ሰጥቻት ቢሆን ዝም እል ነበር፤ የክርስትና ስሜን ተሸክማ እንዴት አይብ ትብላ? እንኳን አይቡን ዳቦውንም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከለከልኳት። ምስኪን፣ ሁለት መደብ ቆፍራ አጥሩ ሥር ዘፍ ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳቦዋን ሳቀምሳት ብድግ ትላለች። እስከዚያ አትክልቱ ይጠወልጋል።

አንድ ቀን የሐኪም ቀጠሮ ኖሮኝ አመሻሽ ላይ ስከፍተው ቲማቲሜ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ጠበቀኝ። ቱሊፕ የምትባል ጎረቤት አጠጣችልሽ ይላል። ማን እንደሆነች አላውቅም። የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝና ካሮት ላክሁላት። ጎመን ላከች። ፖም ላክሁ። ዱባ ላከች። እኔ እበልጣታለሁ ብዬ የንብ ቀፎዬን ከነንቡ ሰጠኋት፤ በማግስቱ ላም ላከችብኝ! ሰው በሁዳዴ ላም ይልካል? የማይጠጣ ወተት ጓሮዬን ሞልቶት መራመጃ አጣሁ።

የምመልስላት ነገር ሲጠፋኝ፣ ምን እንደጎደላት ልይ ብዬ አንድ ጠዋት በአጥሩ አሻግሬ ተመለከትኩ። ምን አየሁ መሰለሽ? ቱሊፕ አጥሩ ሥር ተዘርራለች! በማግስቱም ተዘርራለች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብድግ አለች።

እንዴ! የስዊስ ሰው ምን በወጣው! የእኛ ሰው ናት አልኩ። ኤርትራዊት ትሆናለች ብዬ ነበር፣ መደቧን እስካይ ድረስ። መሐል ላይ አንዲት ጽጌረዳ፣ ዙሪያዋን ቀይ ሽንኩርት። ሽንኩርት ለጽጌረዳ ዘበኛ ነው እያለች በረንዳዋ ላይ እንዲህ የምትተክል ከአንቺ በቀር አላውቅም፤ ጨዋታውን ለአንቺም የጫነችልሽ ዮሐና ትሆናለች። ሁለታችን በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ጠኔ ጥሎን ሳይ በሳቅ ጮህኩ፤ የላይኛዋ ጎረቤቴ ወለሉን ደበደበችው።

በነጋታው ከቱሊፕ መልእክት መጣልኝ፣ በጀርመንኛ። ስልኬ ተረጎመልኝ። «በአንቺ እጅ የማይበቅል ነገር የለም» ይላል። ሳቄ ቆመ። ደጋግሜ አነበብኩት። ለማታውቃት ሴት ይህን የሚል አፍ፣ ለእኔ ለምን ያንን አለ? ብዕር ያነሳሁት በዚህ ንዴት ነው። ጎረቤትሽ እኔ ነኝ፣ አፈርሽ ወይ? ልልሽ ነበር።

እዚህ ላይ አቁሜ ሻይ ልጥድ ተነሳሁ። ውሃው ሳይፈላ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። የእኔስ በር ላይ ምን ተጽፏል? ወለተ ሐና! ይህን ስም የሚያውቁት ንስሐ አባቴና አንቺ ብቻ ናችሁ። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ያስጠራሽልኝ በዚሁ ስም ነው። ታዲያ ያን ቀን ቲማቲሜን ያጠጣሽው አውቀሽኝ ነው? ላሟንም አውቀሽ ነው? ያንን ቃልስ?

እንግዲህ «አፈርሽ ወይ» የሚለውን ትቼዋለሁ። ለማታውቂያት ጎረቤት የጻፍሽው ከሆነ ዓይን ዓይኔን እያየሽ በአማርኛ ትደግሚልኛለሽ። ለእኔ ከሆነ ደግሞ ተቀብያለሁ፣ ፈትልዬ፤ ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል አትጨምሪ። ናፍቀሽኛል።

ለቅዳሜ ሹር በባቡር እመጣለሁ፣ አብረን እንፈስካለን። ላሟን አልመልስም። አበባ ግን ይዤልሽ እመጣለሁ። መንገድ ላይ ከጠወለገም አንቺ ታጠጪዋለሽ፣ መቼም ለምደሽበታል።

የአጥር ማዶ ጎረቤትሽ፣
መስታወት