ቢልጫዋን መሸኛ ለጠየቀው ግብረ ኃይል

ለክቡር አቶ ጸጋአብ፣ የፍልሰታ ገበያ አረጋጊ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ጀሞ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎና የምግብ ፍላጎትዎ ሳይጓደሉ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ዓሣ የምሸጠዋ፣ ባለፈው ሳምንት ሱቄን በቀይ ማሸጊያ ያስጌጡልኝ ተናኘ ነኝ።

1. ቢልጫ የምትባለው ዓሣ በክረምት እንቁላሏን ለመጣል ከጣና ወጥታ ወንዝ ሽቅብ ስለምትሄድ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ወንድሜ እንግዳና ጓደኞቹ መረባቸውን ከወንዙ አፍ ያነሳሉ። እኔም እንደ ወትሮዬ «ቢልጫ እንቁላል ልትጥል ሄዳለች፤ በጥቅምት ትመለሳለች» ብዬ በሬ ላይ ለጠፍኩ። ይህን አንብበው «ደብቃ ዋጋ ልታንር ነው» ብለው ሲያሽጉኝ፣ ባዶ ፍሪጅ ውስጥ ዓሣ ማየት የቻለውን ዓይንዎን አመሰግናለሁ።

2. «ሄዳለች ካልሽ ከሄደችበት መሸኛ አምጪ» ስላሉኝም አመሰግናለሁ። እኔ ራሴ ከሀና ማርያም ወደ ጀሞ ስዛወር ለመሸኛ የተመላለስኩትን ሳስታውስ፣ ወንዝ ሽቅብ የምትዋኝ ነፍሰ ጡር ያን ሰልፍ እንዴት እንደምትችለው ጨንቆኛል።

3. ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እኔን አሽገው ሲያበቁ፣ ለቡ በከፈቱት ባዛር ያችኑ ቢልጫ በመኪና አስመጥተው ማራገፍዎ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አምሳለ ገዝታ የዓሣዋን ሆድ ብትቀደው እንቁላል ሞልቶታል፤ ሳህኑን ይዛ መጥታ «ይኼ ሁሉ ልጅ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለባዛሩ ዓሣ ያቀረበው ነጋዴዎ መረቡን የዘረጋው ወንድሜ ካነሳበት ከዚያው ወንዝ አፍ ላይ ነው። ወንድሜ እንግዳ ሊከለክል ቢገባ የነጋዴው ሰዎች ክንዱን ሰብረውታል። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ፤ ፈርቻለሁም። እናቶቹ ወንዙን ሳይወጡ ካለቁ በሚመጡት ዓመታት እሱ የሚያጠምደው፣ እኔም የምሸጠው አይኖርም።

ጾሙ ሲፈታ ሱቄ እንደሚከፈት በሰው ስለላኩልኝ የምሥራች ውለታዎ አለብኝ። በጥቅምት የምሸጠውን በነሐሴ ጨርሰውልኛልና ከሥራም አሳርፈውኛል።

ገበያው ተረጋግቶ እኔን ብቻ እንቅልፍ የነሳኝ፣
አክባሪዎ ተናኘ፣ የባዶው ፍሪጅ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጾሙ ቢፈታም ማሸጊያው እንዲነሳ አሁንም የቢልጫዋ መሸኛ ያስፈልጋል ተብያለሁ። ባዛሩ በተመረቀ ዕለት ትልቋ ቢልጫ የቀረበችው ለእርስዎ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። የሄደችው ወደ እርስዎ ገበታ ስለሆነ፣ መሸኛውን እርስዎ ይጻፉልኝ።