መሮ ያመለጠው ፈረንሳዊ

መጋቢት 12፣ አሶሳ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ጽጌ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ቡለን ከተማ አናጢ ሳለሁ የሠራሁት በር ግን እስከ ዛሬ ሳይንቋቋ ይዘጋል።

መሮው አምልጦኝ ግራ እጄን ከቆረጠኝ ወዲህ ጽጌ ዕቃዬን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፋብኝ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። እኔም ግድግዳ ተደግፌ እውላለሁ። ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆነኝ ብላ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሊጣል የነበረ ሥዕል ያለበት የፈረንሳይ መጽሐፍ አመጣችልኝ። ሥዕሎቹን የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ ሰዎች እንጨት ላይ እየቀረጹ ነው ያተሟቸው አለችኝ። የተፈለፈለው ቦታ ነጭ ይወጣል፣ ያልተነካው ቀለም ይይዛል።

ዛሬ አንዱን ሥዕል ስመረምር ዋልኩ። እስር ቤት ያለ ሰው ነው። በመስኮቱ ሦስት የብርሃን ጨረሮች ይገባሉ፤ መካከለኛው ጠማማ ነው። ጽጌን ጠራኋትና፣ «ይሄን ቀራጺ መሮ አምልጦታል። ስህተቱን ለመሸፈን ከግራና ከቀኝ ሁለት ጨምሮ ፀሐይ አደረገው» አልኳት።

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ፣ ፈረንሳይ ድረስ ሄደው ስህተት ይፈልጋሉ?» ብላ ሳቀች።

«ስህተቱን ተይው። ተሳሳተ ብሎ መሮውን ግን ማን ቀማው?»

አሁን ይህንኑ እየጻፈች ነው። ቁልፉን አምጪ ማለቴንም ጻፊ። እምቢ ካልሽም እምቢታሽን ጻፊው፤ ነገ ጎረቤት ያነብልኛል። በይ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ እዚህ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።