ሐዘኑ ግን የእኔ ነው

አባዬ፣ ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛው ገብቶ ወገዳ ከጠዋት እስከ ቀትር በጉም ተሸፍና ትውላለች። ተማሪዎችዎ የኔታ ይሉዎት ነበር፤ እኔ ዛሬም አባዬ ነው የምልዎ። ይህን የምጽፈው ከመደብዎ ላይ ተቀምጬ ነው።

ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመታው እናቴ ጩኸቱን አትወደውም፤ «የሣሩ ክዳን ዝናቡን ያባብለው ነበር» ትላለች። ከድጓ ተማሪዎችዎ የቀሩት ሦስት ናቸው። ዲያቆን ምንተስኖት ያስተምራቸዋል፤ ሲያርማቸው እንደ እርስዎ ግንባሩን ይቋጥራል። ሳየው ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ ይሞላል።

ትዝ ይልዎታል? ልጅ ሆኜ የተሰጣ ገብስ ስጠብቅ ዜማውን በጆሮዬ እለቅም ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ መሐል ላይ ጠፋበትና እኔ ከገብሱ አጠገብ ሆኜ ጨረስኩለት። ደንግጬ አፌን ያዝኩ። እርስዎ ግን ዞር ብለው አዩኝና «ርክርኩ ላይ ቸኮልሽ» ብቻ አሉኝ። ርክርክ ድምፁ ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ቦታ መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ።

አድጌ አዲስ አበባ ሙዚቃ ልማር ስል ግን ፊትዎ ጠቆረ። «ዜማ ከሰማይ የተሰጠን ነው፤ መጫወቻ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስንገናኝ ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ መጾሜን ይጠይቁኛል፤ ስለ ቫዮሊኔ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም አላነሳሁብዎትም።

ጉሮሮዎን ሲያምዎ ቫዮሊኔን ይዤ መጣሁ። ከደብረ ታቦር መካነ ኢየሱስ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ፣ መንገዱን ሁሉ በእቅፌ ይዤው ነው የመጣሁት። ያ ቅኔ ማሕሌቱን ይሞላ የነበረ ድምፅ ጠፍቶ አገኘሁት። ጆሮዬን ከከንፈርዎ ካላስጠጋሁ የሚሉት አይሰማኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቫዮሊኑን ሳጥን በጣትዎ አመለከቱኝ። የጀመርኩትን ሥራ ተጫወትኩልዎ። ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የምጽፈው ነበር። ፈርቼ ነበር፤ መነሻዬ አራራይ ነውና፣ ያ «ስሙም የሚያራራ ማለት ነው» ያሉኝ ዜማ። ዓይንዎን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው አስቆሙኝና በመዳፍዎ ብርድ ልብሱን መታ አደረጉት። ቆይተው እንደገና መቱት። በሁለቱ መሐል እንቅልፍ የወሰደዎ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛውን መትተው «ቁም ነው፤ አትሩጪ» አሉኝ። ከበሮና ጸናጽል ሳይገባ ተቁሞ የሚባለውን ማለትዎ ነበር።

ተጎንብሼ ጆሮዬን ሳስጠጋ የተናገሩትን እስከ ዛሬ ሳልሰማው የዋልኩበት ቀን የለም። «ዜማው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱን አትንኪው። ሐዘኑ ግን የእኔ ነው። እሱን ውሰጂው።»

እርስዎን ከቀበርን በኋላ ከዜማው የወሰድኩትን ሁሉ ሰረዝኩ። የቀረው አወራረዱና ዝምታው ነበር። ሥራው ከቼሎው ዝቅተኛ ሬ ኖታ ይነሣል፤ ወደ ሬ እየተመለሰ ደጋግሞ ይጠጋል፤ ግን አያርፍበትም። ከወረቀቱ አናት ላይ፣ የፍጥነቱ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ፣ «ቁም» ብዬ ጻፍኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ልምምድ ስንጀምር ቼሎ የምትጫወተው ሰሎሜ «ቁም ስንት ነው? ቁጥር ስጪን» አለችኝ። እርስዎ እንደመቱት ጉልበቴን መታሁላቸው። «በዚህ አያያዝ ቀስቱ ያልቅብናል» አለች። እውነቷን ነበር፤ ድምፁ መሐል ላይ ይበጠስ ጀመር። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ስንጨቃጨቅ ቆየን። ተስፋ ቆርጬ ፈጠን ያለ ቁጥር ልጽፍ እርሳስ አንሥቼም ነበር።

ያኔ እርስዎና መዘምራኑ ማሕሌት ቆማችሁ ታያችሁኝ። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ድምፁን ይይዝለታል፤ ማን እንዳረፈ ከውጭ ያለ ሰው አያውቅም። ይህንኑ ነገርኳቸው፦ ቀስታችንን አንድ ላይ አንመልስ፤ አንዳችን ስንመልስ ሌሎቻችን እንያዝ። ሞከርነው። ድምፁ ሳይበጠስ ሄደ። ሰሎሜ ቀስቷን ጭኗ ላይ አሳርፋ «ቀድመሽ እንዲህ ብትይን ምን ነበረበት?» አለች።

ያቀረብነው በአንዲት ትንሽ አዳራሽ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት ነበር። ብዙ ሰው አልመጣም። ከመሐሉ ስንደርስ ግድግዳው ከዓይኔ ራቀ፤ ሰዉም ወንበሩም በጉም ውስጥ ያለ መሰለኝ። እጄ ይጫወታል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ስንጨርስ ሰዉ ዘግይቶ ነው ያጨበጨበው። እነርሱም የሄዱበት ቦታ ይኖር ይሆናል።

እናቴ መንገድ ተዘግቶ አልመጣችም ነበር። በዚህ ሳምንት ሲከፈት እኔ መጣሁላት። ዛሬ ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠን በስልኬ አሰማኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ውጭ ውጭ እያየች ሰማችው። ሲያልቅ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

ትዳራችሁን ሙሉ «እሳቸው» ስትል እንጂ ስምዎን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም፤ ከሞቱም በኋላ እንደዚያው ነበረች። ዛሬ ግን፣ ከጓዳ ያለ ሰው እንደምትጠራ ሁሉ፣ ቀስ ብላ «ወልደ ገብርኤል» አለች። የምታለቅስ አልመሰለችኝም፤ መልስም አልጠበቀችም። አፍራ ፈገግ አለችና ደግማ ጠራችው።

አባዬ፣ እኔም ስምዎን በሆዴ ብቻ ይዤ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ በደረስኩበት ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራዋለሁ። ለማያውቅዎ ሰው ማን እንደነበሩ እነግራለሁ። ስተኛም ስነሣም ከአፌ አይጠፋም።

ልጅዎ ትርሲት